ፖለቲካውን ከትሪቡን አውጡ ለሚሉ

«ኳስና ፖለቲካ አይቀላቀሉም» የሚለው አባባል የጨዋነት መለኪያ ሆኖ ከተቆጠረ ቆይቷል። ፌዴሬሽን በመግለጫው ይለዋል፤ የሬዲዮ ስፖርት ተንታኝ ይደግመዋል፤ ማኪያቶውን ይዞ ስለ አርሰናልና ማንቸስተር የሚሟገተው ወጣትም ወሬው ወደማይወደው ሲያዘነብል «ተው በናትህ፣ ኳሳችንን እንይበት» ብሎ ያስቆመዋል። በኢትዮጵያ ይህን የሚል ሰው ያለ ምክንያት አይደለም የሚለው። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ በወልዲያና በመቀሌ ክለቦች ጨዋታ ሰበብ ወልዲያ ላይ የተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት ቀጥፏል። ከዚያ ወዲህ ልጁን ይዞ ስታዲየም መግባት የፈራ አባት ጥቂት አይደለም።

ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ከፍርሃቱ ተነስቶ የሚደረስበት መደምደሚያ ግን ስህተት ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው ትሪቡን ላይ ያለውን ሰው ከሚያዩበት መንገድ ነው። በዚህ አስተያየት ደጋፊ ሁለት መልክ ብቻ አለው፤ ወይ ፊቱን ቀለም ተቀብቶ የሚጨፍር ጌጥ ነው፣ ወይ ድንጋይ ያነሳ ረብሸኛ። ገንዘብ የሚያዋጣው፣ ለታሰረ ጓደኛው ጠበቃ የሚያፈላልገው፣ የሞተበትን የሚቀብረው፣ ሌሊቱን መጋዘን ወለል ላይ ጨርቅ ዘርግቶ ባነር የሚጽፈው ደጋፊ ከሥዕሉ ይወጣል። የሚያስወጣው ደግሞ በአብዛኛው ካሜራው ራሱ ነው።

ለመሆኑ ፖለቲካን ሜዳ ውስጥ ያስገባው ማን ነው? (ከዚህ በኋላ የውጭው ዓለም ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሜይ 14 ቀን 1938 በርሊን ላይ የተነሳ አንድ ፎቶ አለ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች በተርታ ቆመው ቀኝ እጃቸውን በናዚ ሰላምታ ዘርግተዋል። እንዲያ እንዲያደርጉ የመከረው በበርሊን የነበረው የሀገራቸው አምባሳደር ነው፤ የእግር ኳስ ማኅበራቸውም ተስማምቷል። እጃቸውን ካወረዱ በኋላ ተጫውተው 6 ለ 3 አሸነፉ። አርባ ዓመት ቆይቶ በ1978 ቦነስ አይረስ ላይ የአርጀንቲናው ወታደራዊ ገዥ ጄኔራል ቪዴላ የዓለም ዋንጫን ለአምበሉ ለዳንኤል ፓሳሬላ ሲያስረክብ ካሜራዎች ተንጫጩ። ከስታዲየሙ ሁለት ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ የባሕር ኃይሉ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ የታፈኑ ሰዎች ይሰቃዩ ነበር። ሁለቱም ፎቶዎች በየጋዜጣው ወጡ። በጊዜው ለአዘጋጆቹ ሁለቱም ሥነ ሥርዓት እንጂ ፖለቲካ አልነበሩም። በክቡር ትሪቡን በኩል የሚገባ ፖለቲካ ፕሮቶኮል ነው፤ በርካሹ ሚስማር ተራ በኩል የሚገባው ግን ሁከት።

የስኮትላንዱ ሴልቲክ ደጋፊዎች ይህን በገንዘብ ከፍለው ያውቁታል። ኦገስት 17 ቀን 2016 ክለባቸው የእስራኤሉን ሀፖኤል ቤርሼባን ግላስጎ ላይ ሲያስተናግድ «ግሪን ብሪጌድ» የተባለው የደጋፊ ቡድንና ሌሎችም በመቶ የሚቆጠር የፍልስጤም ባንዲራ አውለበለቡ። የአውሮፓው እግር ኳስ ገዢ አካል ዩኤፋ ክለቡን 10 ሺህ ዩሮ ቀጣው። በ2023 የአትሌቲኮ ማድሪድ ጨዋታ ላይ ባንዲራው ተመልሶ ሲመጣ ሌላ 17 ሺህ 500 ዩሮ ቅጣት ተከተለ፤ ክለቡም የቡድኑን አባላት የዓመት ትኬት አገደ። በሁለቱ ቅጣቶች መካከል ግን በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር፣ የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ አምበሎች የዩክሬንን ባንዲራ ቀለም የያዘ ማሰሪያ ክንዳቸው ላይ አስረው ገብተዋል፤ የስታዲየሞቹ ትልልቅ ስክሪኖችም አብረው አበሩ። ዩኤፋ ራሱ የሻምፒዮንስ ሊጉን ፍጻሜ ከሴንት ፒተርስበርግ ነቅሎ ፓሪስ ወሰደው። ደግ አደረጉ። ለተወረረ ሕዝብ መቆም ነውር የለውም። ነገር ግን ማሰሪያው ሐዘኔታ፣ ባንዲራው ጥፋት የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው? ደንቡ የሚለካው ፖለቲካ መኖር አለመኖሩን ቢሆን ሁለቱም አንድ ላይ በወደቁ ነበር። የሚለካው ፈቃድ ነው።

የግላስጎው ባንዲራ ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ከፎቶው በኋላ የሆነው ግን ያን ያህል አልታየም። ደጋፊዎቹ ቅጣቱን ለመቋቋም ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ፤ ከ176 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። ገንዘቡ ለፍልስጤማውያን የሕክምና እርዳታ ለሚሰጥ ድርጅትና ቤተልሔም አጠገብ ባለው የአይዳ የስደተኞች መጠለያ ለሚሠራ የባህል ማዕከል ሄደ። መጠለያው ውስጥም «አይዳ ሴልቲክ» የሚባል የልጆች ቡድን ተቋቋመ። እንዲህ ያለው ነገር ክለቡ ላይ ከውጭ የተለጠፈበት አይደለም። ሴልቲክ በ1887 የተመሠረተው በግላስጎ ምሥራቅ ጫፍ ለሚራቡ የአየርላንድ ስደተኛ ልጆች ምግብ የሚገዛበት ገንዘብ ለማግኘት ነው፤ ሐሳቡን ያመጣውም ወንድም ዋልፍሪድ የተባለ የካቶሊክ መነኩሴ ነበር። ዛሬም ግሪን ብሪጌድ ለምግብ ባንክ ስጦታ ይሰበስባል። በስደተኛ ረሃብ የተወለደ ክለብ ደጋፊ ስለ ሌላ ስደተኛ ዝም እንዲል የሚጠየቀው ታሪኩን ካለማወቅ ነው፤ አለዚያም አውቆ ከመፍራት።

ይህ የደጋፊው ገጽታ ባለመታየቱ ጥፋቱ የፎቶ አንሺው ጭምር ነው።

የስፖርት ፎቶ አንሺ የት እንደሚቀመጥ ልብ ያለ ሰው ብዙ ይገባዋል። ከጎሉ ጀርባ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ፣ ዝቅ ባለች መቀመጫ ላይ፣ ረጅሙን ሌንስ ወደ ሜዳው ደግኖ ነው የሚውለው። ጀርባው ለደጋፊው ነው። የሚዞረው ጎል ሲቆጠር ነው፤ ወይም ትሪቡኑ ላይ ጭስ ሲነሳ። በዘጠና ደቂቃ ውስጥ አርባ ሺህ ሰው ከሚያደርገው ነገር ሁሉ ለአርታዒ የሚላከው የቀይ ርችት ብርሃን ውስጥ የቆመ ራቁት ደረት ነው። አርታዒውም ይወደዋል፤ ያምራል፣ ይሸጣል። ነገሩ ያልገባው አንባቢ ግን ከዚያ ፎቶ ስለ ደጋፊው የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መፍራት። «ፖለቲካውን አውጡ» ባዮች የሚያዩት ይህንኑ ጭስ ነው።

ከዚህ ልማድ የወጡ አሉ። እንግሊዛዊው ስቱዋርት ሮይ ክላርክ ከ1990 አካባቢ ጀምሮ በየስታዲየሙ እየዞረ መግቢያ በሩን፣ የተሰለፈውን ሰው፣ ዝናብ ላይ የቆሙትን አባትና ልጅ ያነሳል። ኔዘርላንዳዊው ሃንስ ቫን ደር ሜር ደግሞ በአውሮፓ ዝቅተኛ ዲቪዚዮን ሜዳዎች ካሜራውን ከፍ አድርጎ፣ ወደ ኋላ ርቆ ያነሳል፤ ከኳሱ ጋር ሰፈሩ፣ ቤቶቹና ተራራው አብረው ይገባሉ። ሁለቱም ጨዋታውን ከሰው ኑሮ አልነጠሉትም። ይሁን እንጂ ዋናው ጉዳይ የሌንስ ርዝመት ብቻ አይደለም። የዓለም ምርጥ ፎቶም ቢኖር ላያየው የወሰነ ዓይን አለ፤ ለዚህ ከሂልስቦሮ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ኤፕሪል 15 ቀን 1989 ሼፊልድ ውስጥ፣ የሊቨርፑልና የኖቲንግሃም ፎረስት የኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ላይ፣ ደጋፊዎች በብረት አጥር በታጠረ መቆሚያ ውስጥ ተጨፈላለቁ። ቁስለኛ ሆነው ከቆዩ በኋላ ያረፉትን ጨምሮ 97 ሰዎች ሞተዋል። አደጋው የደረሰው ልክ ከጎሉ ጀርባ ስለነበር ፎቶ አንሺዎቹ እዚያው ነበሩ፤ ደጋፊዎች «ምን ታነሳላችሁ፣ እርዱን እንጂ» እያሉ እስኪቆጧቸው ድረስ። ፎቶዎቹ ላይ የሚታየው ምንድን ነው? ከላይኛው ፎቅ ያሉ ሰዎች በሆዳቸው ተኝተው እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው፣ ከታች የሚታነቁትን በክንዳቸው እየጎተቱ ያወጣሉ። ሜዳው ላይ ደግሞ ወጣቶች የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን እየገነጠሉ ቃሬዛ አድርገዋቸዋል፤ ስድስት ሰባት ሆነው አንዱን ሰሌዳ ይዘው ይሮጣሉ፣ ሰሌዳው ላይ የተኛው ሰው ክንድ በጎን ተንጠልጥሏል። አምቡላንስ ባልደረሰበት ሰዓት ሕክምናውን የሚሠራው ደጋፊው ነው።

እነዚህ ፎቶዎች ወጥተው ሳለ፣ አደጋው በደረሰ በአራተኛው ቀን «ዘ ሰን» ጋዜጣ «እውነቱ» በሚል ርዕስ ደጋፊዎቹ የሟቾችን ኪስ እንደዘረፉ፣ ፖሊስ ላይ እንደሸኑ ጻፈ። ሰው ፎቶውን አይቶ ጽሑፉን አመነ። ያመነውም ስለ ደጋፊ አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ስለነበረው ነው፤ ሰካራም፣ ረብሸኛ፣ እንስሳ። በ2012 የወጣው የገለልተኛ አጣሪ ቡድን ሪፖርት ከ160 በላይ የፖሊስ ቃሎች መለወጣቸውን አጋለጠ፤ በ2016 ደግሞ የዳኝነት ጉባኤ ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ መገደላቸውንና ደጋፊዎቹ ጥፋት እንደሌለባቸው ወሰነ። ሃያ ሰባት ዓመት! በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጉዳዩ እንዳይሞት ያደረጉት ቤተሰቦቹና ትሪቡኑ ናቸው። አደጋው በደረሰ በሳምንቱ የሊቨርፑልና የባላንጣው የኤቨርተን ደጋፊዎች ቀይና ሰማያዊ ሻርፕ እያያዙ ከአንዱ ስታዲየም እስከ ሌላው ፓርኩን አቋርጠው ዘረጉ። ጋዜጣውን የሊቨርፑል ሰው እስከ ዛሬ አይገዛውም። መንግሥትን፣ ፖሊስንና ትልቅ ጋዜጣን በአንድ ላይ የተገዳደረ ይህን ያህል ረጅም ትግል ፖለቲካ ካልተባለ ምን ይባላል? ለሟቾቹ እናቶች «ስታዲየም ውስጥ ፍትሕ ብላችሁ አትዘምሩ፣ ኳሱን እዩ» የሚላቸው ሰው ይኖር ይሆን?

ካሜራው ራሱ የሚፈራበት ቦታም አለ። የካይሮው አህሊ ክለብ አልትራስ የተባለው የደጋፊ ቡድን በ2007 ሲቋቋም ከፖሊስ ጋር መጋፈጥን ትሪቡን ላይ ተማረ፤ በ2011 የታህሪር አደባባይ ሰልፎች ላይ ያን ልምድ ይዘው ከወጡት መካከል እነዚህ ወጣቶች ነበሩ። በዓመቱ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2012 ፖርት ሰዒድ ስታዲየም ውስጥ 72 የአህሊ ደጋፊዎች ተገደሉ። የቡድኑ አባላት ቃለ መጠይቅ የማይወዱት፣ ፊታቸውንም የሚሸፍኑት እንዲሁ ለጀብዱ አልነበረም፤ ጋዜጣ ላይ የወጣ ፊት የጸጥታ ቢሮ ዴስክ ላይም ይገኛል። በ2018 ቡድኑ ራሱን አፈረሰ። ስለዚህ «ፊቱን የሸፈነ ደጋፊ ወንበዴ ነው» ብሎ ከመፍረድ በፊት ፎቶው ነገ በማን እጅ እንደሚገባ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥሩ ፎቶ አንሺም ይህን ጥያቄ ጣቱን ከመጫኑ በፊት ይጠይቃል።

ኢራናዊቷ ፎሩግ አላኢ የጠየቀችው ይመስላል። በ2019 በዓለም አቀፉ የፕሬስ ፎቶ ውድድር በስፖርት ታሪኮች ዘርፍ አንደኛ የወጣው ሥራዋ አንድም አስደናቂ ጎል የለበትም። ያለው ስታዲየም እንዳይገቡ ለአሥርተ ዓመታት የተከለከሉ የሀገሯ ሴቶች ታሪክ ነው። ከመካከላቸው የፐርሴፖሊስ ክለብ ደጋፊ የሆነች ወጣት ወንድ መስላ በወንዶች መሐል ተቀምጣለች። ከእርሷ አጠገብ ያለው ሰው ጨዋታ ያያል፤ እርሷ ሁለት ነገር ታያለች፣ ጨዋታውንና የሚያያትን። መጮህ አትችልም፤ ድምፅዋ ያሳብቅባታል። ለክለቡ ሆ ማለት ትኬት ለተፈቀደለት ወንድ መዝናኛ ነው፤ ለእርሷ ሊያሳስራት የሚችል ድርጊት ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ውስጥ፣ ወንድ መስላ ስታዲየም ልትገባ ስትል ተይዛ የተከሰሰችው ሳሃር ኮዳያሪ ፍርድ ቤት ደጃፍ ራሷን አቃጥላ ሞተች፤ የ29 ዓመት ወጣት ነበረች። ከአንድ ወር በኋላ በኦክቶበር 10 ኢራን ካምቦዲያን 14 ለ 0 ስታሸንፍ ሦስት ሺህ ተኩል ያህል ሴቶች ትኬት ገዝተው አዛዲ ስታዲየም ገቡ። በሩ የተከፈተው ደጋፊ መሆን መብት ነው ባሉ ሴቶች ነው፤ «ኳሱን ብቻ እንይ» የሚለው ምክር ለእነርሱ ትርጉም አልነበረውም፣ ኳሱን ማየት ራሱ ነበር ፖለቲካው።

በእርግጥ ትሪቡን የሚያወጣው መልካም ነገር ብቻ አይደለም። ተቃዋሚው ሜይ 13 ቀን 1990 ዛግሬብ ላይ የሆነውን ቢያነሳ ትክክል ነው። የክሮኤሺያው ዲናሞና የሰርቢያው ቀይ ኮከብ ደጋፊዎች ሲፋለሙ የዲናሞው ዝቮኒሚር ቦባን ፖሊስ ሲረግጥ የተነሳው ፎቶ ለክሮኤሺያውያን የነጻነት አርማ ሆነ። የሰርቢያ ጭቆና ምልክት ተደርጎ የተረገጠው ፖሊስ ግን የቦስኒያ ሙስሊም ነበር፤ ፎቶው ይህን አይናገርም። በሌላው ወገን ከቀይ ኮከብ ትሪቡን ተመልምለው አርካን በተባለው የሰርብ ሚሊሻ መሪ ሥር የዘመቱ ወጣቶች በዩጎዝላቪያ ጦርነት ውስጥ ምን እንደሠሩ ይታወቃል። ሆኖም ይህ ምሳሌ ለተቃዋሚው አይመሰክርለትም። አርካን ከትሪቡን የበቀለ ሰው አልነበረም፤ ከመንግሥቱ የጸጥታ ሰዎች ጋር የተሳሰረ ነበር፤ ጥላቻውም አስቀድሞ በቴሌቪዥንና በፓርላማ ይሰበክ ነበር። የዛግሬብ ጭስና የግላስጎ ጭስ በፎቶ ላይ አንድ ነው። የሚለያቸው ከጨዋታው በፊትና በኋላ የሚደረገው ነው፤ አንዱ ጋ ለማያውቁት ልጅ ገንዘብ ይዋጣል፣ ሌላው ጋ ለጎረቤት መሣሪያ ይታደላል። ካሜራው ዘጠና ደቂቃውን ብቻ ካየ ልዩነቱን ሊያሳይ አይችልም።

የኢትዮጵያም ነገር ከዚህ አይርቅም። የክለቦቹን ስም ማየት ይበቃል፤ ባሕር ዳር ከተማ፣ ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ንግድ ባንክ፣ መቻል። አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው። የተጫዋቹን ደመወዝ ከንቲባው እያጸደቀ፣ ደጋፊው ፖለቲካ አታምጣ ይባላል! ትሪቡን ላይ የተሰማው የብሔር ስድብ አስነዋሪ ነበር፤ ግን ቃሉን ደጋፊው አልፈለሰፈውም፣ ከላይ የወረደለትን ነው የደገመው። በሌላ በኩል ያው ትሪቡን ለታመመ ተጫዋች መታከሚያ ያዋጣል፤ ይህን የሚያሳይ ፎቶ ግን ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ዛምቢያን ስትገጥም ትሪቡኑ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሆኖ ነበር። በረኛው ጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ ሲያይ ቩቩዜላና የፕላስቲክ ጠርሙስ ሜዳ ላይ ወረደ፤ የውጭ መገናኛ ብዙኃን በማግስቱ የያዙት ይህንኑ ነው። አዳነ ግርማ በአሥር ሰው አቻ ያደረገባት ጎል እንኳ ከጠርሙሱ ቀጥላ ነው የተወራችው። መወርወሩ ጥፋት ነበር። ግን የወረወረውም ሆነ አትወርውሩ ብሎ የለመነው ሰው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ከሆሳዕና፣ ከከምባታ፣ ከሌላም አካባቢ በብዙ አስከፊ መንገድ ተሻግሮ በየሰፈሩ ሱቅ የከፈተ፣ በአውሮፓው 2008 በውጭ ሀገር ሰዎች ላይ የተነሳውን ጥቃት ያየ፣ ሱቁን በብረት ፍርግርግ አጥሮ የሚሸጥ ሰው ነው። ከወትሮው በተለየ ያን ቀን ብዙ ሆኖ፣ የሀገሩን ቀለም ለብሶ፣ በአደባባይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆመ። በሰሜን አሜሪካም ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ስደተኛው የሚገናኝበት፣ የሚጋባበት፣ ስለ ሀገሩም የሚሟገትበት መድረክ ሆኖ የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። እዚያ ኳሱ ምን ጊዜም ብቻውን ሆኖ አያውቅም።

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ደጋፊ ትሪቡኑን ራሱን ተነጥቆ ነበር። የአፍሪካው እግር ኳስ ገዢ አካል ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም በሀገሪቱ ስላልነበረ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑ «በሜዳው» ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ያገቧቸውን ጎሎች አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ላይ ይቆም የነበረው ሰው በቴሌቪዥን አየ። የስታዲየም እድሳት መቼ እንደሚጠናቀቅ፣ ገንዘቡስ ከየት እንደሚመጣ የሚወስን አስጨፋሪ የለም፤ ጉዳዩ የመንግሥት ቢሮ ጉዳይ ነው። ያ ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ስለ ዓባይ ግድብ የሚናገር ባነር ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋ እንደነበር የማይገምት የለም። ፎቶ አንሺዎቹ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ያነሱት ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ደጋግሞ ያሳየው ነበር፤ አንድም ባለሥልጣን አውርዱት አይልም ነበር።